የእንባ ጠባቂ ተቋም ምንድን ነው?

እንባ ጠባቂ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዜጎች ላይ የሚፈጽሙትን አስተዳደራዊ በደል መርምሮ እንዲታረም የሚያሳስብ፣ ተጠሪነቱም ለአስፈጻሚው አካል ሳይሆን ለሕግ አውጪው ምክር ቤት የሆነ ተቋም ነው። ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 15 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህን ተቋም እንዲያቋቁም የደነገገ ሲሆን፣ የማቋቋሚያ አዋጁ ቁጥር 211 የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው።

በደል ሲባል የግድ ጉቦ መጠየቅ ወይም መብት በግላጭ መንጠቅ አይደለም። ለይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያመለከተ ሰው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ፋይልዎ አልተገኘም» እየተባለ ለወራት ቢመላለስና በመጨረሻ ምክንያቱ በጽሑፍ ሳይሰጠው በቃል ብቻ «አይቻልም» ቢባል፣ ይህም አስተዳደራዊ በደል ነው፤ ውሳኔ ማዘግየትና ጨርሶ አለመስጠት ከተሳሳተ ውሳኔ ያላነሰ ይጎዳልና። ብዙዎቻችን ግን ይህን ከቢሮ ጣጣ ስለምንቆጥረው አቤት ከማለት ይልቅ ዘመድ ወይም የሚያውቀን ሰው እንፈልጋለን።

አቤቱታ ራሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በፍርድ ቤት የተረታ ሰው ሳይቀር ደጅ ጠንቶ ለዙፋን ችሎት አቤት ይል ነበር፤ ሆኖም የሚያገኘው መፍትሔ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። በእንባ ጠባቂ አሠራር አቤት ባዩ የሚጠይቀው ምሕረት አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ቀድሞውኑ በሕግ ያለበትን ግዴታ ነው። ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ተቋሙ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው በ1809 እ.ኤ.አ. በስዊድን ነው። የስዊድኑ እንባ ጠባቂ ባለሥልጣንን እስከ መክሰስ የሚደርስ ሥልጣን ሲኖረው፣ በ1955 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የዴንማርኩ በዋናነት በትችትና በምክረ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ለብዙ አገሮች አርአያ ሆኗል። የእኛም ለዚህኛው ይቀርባል፤ የሚሰጠው የፍርድ ውሳኔ ሳይሆን ምክረ ሐሳብ ነው። «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ጥቅሙ በአብዛኛው የተመካው በምክር ቤቱ ላይ ነው፦ ምክር ቤቱ የተቋሙን ሪፖርት ይዞ ሚኒስትሩን ካላፋጠጠ ምክረ ሐሳቡ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል።

የማያያቸው ጉዳዮችም አሉ፦ በፍርድ ቤት የተያዘ ክርክር፣ በምርጫ የተቋቋሙ ምክር ቤቶች በሕግ አውጪነታቸው የሚሰጡት ውሳኔ፣ ዋና ኦዲተር እየመረመረው ያለ ጉዳይ፣ የአገር ደኅንነትና መከላከያን የሚመለከቱ የጸጥታና የመከላከያ ኃይሎች ውሳኔዎች። መረጃ የተከለከለ ዜጋ ግን በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 590 መሠረት መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ቅሬታውን ማቅረብ ይችላል።

አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ያለ ክፍያ ይቀርባል፤ ተበዳዩ መቅረብ ባይችል የትዳር ጓደኛው፣ ቤተሰቡ ወይም ወኪሉ ሊያቀርብለት ይችላል። ምርመራውን የሚያቀለው የተሟላ ማስረጃ ስለሆነ፣ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝገብ ቤቱ ቀንና ቁጥር የመታበትን ቅጂ በእጁ ቢያስቀር ይበጀዋል።