ሴል ሜምብሬን ላይ ስላለው ዲፊውዥን በብዛት የምንሳሳተው

ሐዋሳ ውስጥ ፍሬሽማን የሚያስጠና ሰው ስለ ዲፊውዥን (ሞለኪውሎች በዘፈቀደ ስለመራወጣቸው) እና ስለ ሜምብሬን (ሴሉን ስለሸፈነው ስስ ልባስ) እነዚህን አባባሎች ሳይሰማ ሴሚስተር አይጨርስም። አንዳንዶቹ ሞጁል ላይም ስላሉ በልጆቹ አልፈርድም።

«ሜምብሬን ፈሳሽ ስለሆነ ሁሉም እንደልቡ ይንሳፈፋል»

ፈሳሽነቱ ልክ ነው፣ ፍራይና ኤዲዲን በ1970 (በፈረንጆቹ) የሰውና የአይጥ ሴል አዋህደው በ37 ዲግሪ ሙቀት 40 ደቂቃ አካባቢ ሲቆይ የሁለቱ ፕሮቲኖች ተደባልቀው አግኝተዋል፣ ሲንገርና ኒኮልሰንም በ1972 ሜምብሬን ፕሮቲኖች የተሰገሰጉበት ፈሳሽ ነው የሚለውን ሞዴላቸውን አወጡ። «እንደልቡ» የሚለው ነው ያልሆነው። ከሜምብሬኑ ስር የአክቲን (የሴሉን ቅርፅ የሚይዝ ክር መሰል ፕሮቲን) መረብ አለ፣ መረቡ ላይ የተያዙ ፕሮቲኖች ደሞ የሌላውን መንገድ ይዘጋሉ።

«ቀርፋፋ ከሆነ አኖማለስ ነው በቃ»

ይሄኛው ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። አኖማለስ ማለት ከተለመደው፣ ከኖርማሉ ዲፊውዥን ሕግ የወጣ ማለት ነው። ሞለኪውሉ ከተነሳበት የራቀውን ርቀት በራሱ አባዙና አማካዩን ውሰዱ። ጊዜው 4 እጥፍ ሲሆን ይሄ ቁጥርም 4 እጥፍ ከሆነ ኖርማል ነው፣ አንስታይን በ1905 ያወጣው ሕግ ማለት ነው፣ 2 እጥፍ ብቻ ካደገ ግን አልፋ የምንላት የጊዜው ፓወር (ኖርማል ላይ 1 የሆነችው) 0.5 ሆነች ማለት ነው፣ ሰብዲፊውዥን (ከኖርማሉ ቀስ ብሎ የሚያድግ) የምንለው ይሄ ነው። ስለዚህ ኤሊ የሆነ ሞለኪውል ፍፁም ኖርማል ሊሆን ይችላል፣ ጥያቄው ፍጥነቱ ሳይሆን አስተዳደጉ ነው።

ሌላው፣ መልሱ ካሜራችሁ ላይም ይወሰናል። የጃፓኑ የኩሱሚ ቡድን በ2002 የአይጥ ኩላሊት ሴል ላይ ሊፒድ (ሜምብሬኑ የተሰራበት ቅባት) ላይ የወርቅ ቅንጣት ለጥፈው በየ25 ማይክሮሰከንዱ ሲያነሱ ሊፒዱ 230 ናኖሜትር በምታክል ክፍል ውስጥ በአማካይ 11 ሚሊሰከንድ ሲራወጥ ይቆይና ዘሎ ጎረቤት ክፍል ይገባል። በተለመደው ቪዲዮ ግን አንዱ ፍሬም ብቻ 33 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ዝላዩ አይታይም፣ ዝም ብሎ ቀርፋፋ ኖርማል ሊፒድ ነው የሚመስለው። ፒያሳ ያለን ባጃጅ በየሰዓቱ አንዴ ብቻ ፎቶ ብታነሱት ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅና ሲበር የቱን ልትለዩ ነው? አኖማለሱ ጎልቶ የሚወጣው መሃል ላይ ነው፣ ሞለኪውሉ ግድግዳውን መንካት ከጀመረበት ብዙ ጊዜ እስኪዘል ድረስ ባለው ጊዜ።

«አኖማለስ ማለት ሴሉ ታሟል»

ኧረ በፍፁም፣ ጤነኛ ሴል ላይ በየቀኑ ያለ ነገር ነው። እንለፈው።

«ፕሮቲኑ እጥፍ ከተለቀ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል»

ውሃ ውስጥ ላለ ኳስ፣ ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን፣ እውነት ነው። ሜምብሬን ላይ ግን ሳፍማንና ዴልብሩክ በ1975 እንዳሳዩት መጠኑ የሚገባው በሎጋሪዝም ስለሆነ ለውጡ ትንሽዬ ነው። እና ሪሴፕተሮች (ከውጭ መልእክት የሚቀበሉ የሜምብሬን ፕሮቲኖች) ተሰባስበው ድንገት ፍጥነታቸው ክፉኛ ከወረደ መጠን ብቻውን አያስረዳውም፣ የያዛቸው ነገር አለ ብላችሁ መጠርጠር ነው።

«ግራፉ አልፋን 0.8 ሰጠኝ፣ ሰብዲፊውዥን አገኘሁ!»

ቀስ። ማይክሮስኮፕ የሞለኪውሉን ቦታ ሁሌም በትንሹ ይስታል፣ ያቺ ስህተት እያንዳንዱ ነጥብ ላይ እኩል ትደመርና አጭሩ ጊዜ ላይ ያለውን ቁጥር ታሳብጠዋለች፣ መስመሩ ይጋደማል፣ አልፋም ያለጥፋቷ ከ1 በታች ትወርዳለች። መስታወት ላይ ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ ሞለኪውል በዛው ካሜራ ተከታተሉ፣ «የተንቀሳቀሰውን» ከዳታችሁ ቀንሱና እንደገና አስሉት።