ሞተሩን ከማውረድህ በፊት የሐረጎን ቁልቁለት አስወርዳት፦ ስለ አሮጌ ስፖርት መኪና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አጎቴ የተወልኝ ፊያት 124 ስፓይደር አለኝ። ጣሪያው ጨርቅ ነው፤ ለደሴ ክረምት የማይመች መኪና ቢኖር ይሄ ነው። በቀደም ማጨስ ጀመረች። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቆም ስል ሰው ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ «ሞተሯ አልቋል» አለኝ፣ ሌላው «ወፍራም ዘይት ጨምርባት»፣ ሦስተኛው «የቶዮታ ሞተር ግጠምባትና ተገላገል»። አንድ ጋራዥ ደግሞ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት የሙሉ ሞተር ዋጋ ነገረኝ። ወሎ ላይ ምክር እንደ ቡና ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ሳትጨርስ አትነሳም። እኔም ሁሉንም ሰማሁ። አብዛኛው ስህተት ነበር።

«ኮምፕሬሽኑ ዝቅ ብሏል፣ በቃ ሞተሩ ሞቷል»

ተረጋጋ። ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር ደግሞ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 9 አካባቢ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ማየት ያለብህ አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸውን ነው። ሦስቱ 9 ሆነው አንዱ 5 ካለ ያኔ ተጨነቅ። ስታስለካ ሞተሩ የሞቀ ይሁን፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይውጡ፣ ነዳጁም እስከ ታች ይረገጥ። አለዚያ ቁጥሩ ይዋሽሃል።

ጥቁር ጭስም በእርጅና ይታማል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደሴ ላይ ነዳጅ ያበዛል፣ አየሩ ስስ ነዋ። መፍትሔው አነስ ያለ ጂግለር (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ነው እንጂ ሞተር አይደለም።

«ሰማያዊ ካጨሰ ፒስተን ነው፣ ሞተሩ ይውረድ»

እኔንም ሊያስበላኝ የነበረው ይሄ ነው። ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ዘይቱ ሁለት መግቢያ አለው። ከታች በፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን በከበቡት ቀለበቶች) በኩል ሊወጣ ይችላል፣ ወይም ከላይ በቫልቭ ጋይድ (የቫልቩ ዘንግ በሚመላለስበት ቱቦ) በኩል ይወርዳል። የላይኛው ከሆነ የሚነካው ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። የታችኛው ከሆነ እውነትም ሞተር ይወርዳል። በዋጋ ሰማይና ምድር ናቸው።

ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሞተሯን ላውርዳት?» አልኳቸው።

«የምን ማውረድ ነው? መጀመሪያ ሐረጎን አስወርዳት! በማርሽ ያዛት፣ ነዳጅ እንዳትነካ። ታች ስትደርስ ረገጥ አድርግና በመስታወቱ ወደ ኋላህ እይ።»

ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ቁልቁለት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ነዳጅ ሳትረግጥ በማርሽ ስትወርድ ሞተሩ አየር ይታፈንና በኃይል ይስባል፣ የላላ ጋይድ ወይም የደረቀ የቫልቭ ጎማ ካለ በዚያ በኩል ዘይት ይጎትታል። ታች ደርሰህ ስትረግጥ ሰማያዊ ደመና ቡፍ ብሎ ከወጣና ወዲያው ከጠራ ነገሩ ከላይ ነው። ስትመለስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ተጭኖ እየጎተተ ሳያቋርጥ ካጨሰ ግን ፋሻውን ወይም ሲሊንደሩን ጠርጥር።

የእኔዋ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ቡፍ አለች፣ ዳገቱን ግን ንጹሕ ወጣች። ጋሼ በዚህም አላመኑም። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርገው ኮምፕሬሽኑን ደግመው ለኩ። ፋሻ ያለቀበት ሞተር ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ቁጥሩ ብድግ ይል ነበር። አላለም። ቴስታታው ወረደ፣ ጋይዱና ጎማው ተቀየረ፣ የቫልቭ መቀመጫው ተስተካከለ። ፒስተኑን ማንም አልነካው።

«አዲስ ዕቃ ሁሌም ከተጠገነ ይሻላል»

የትኛው አዲስ? ይህን ሞተር የነደፈው ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፣ ቀድሞ ፌራሪ ዘንድ የሠራ መሐንዲስ። መኪናዋ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ያን ያህል ዕድሜ ላላት መኪና ገበያ ላይ «አዲስ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ነው። የድሮው ክራንክሻፍት ካልተሰነጠቀና ካልተጣመመ ተሞርዶ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር ገደማ ቀንሶ፣ በልኩ ብሮንዝ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት መቀመጫ) ተገጥሞለት ብዙ ዓመት ይሄዳል። ብሎኩም የብረት ስለሆነ ሰፍቶ ተለቅ ያለ ፒስተን ይቀበላል። ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ነው፤ ሲጣመም ይላጫል፣ ሆኖም በተላጨ ቁጥር ይሳሳል፣ ኮምፕሬሽኑም ይጨምራል። ልኩን ሳያይ «ትንሽ ልላጨው» ለሚል ቶርኖ ቤት አትስጥ።

«እንግዲያው ሁሉም ይጠገናል»

ኧረ አይሆንም። ፋሻ፣ ብሮንዝ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የቫልቭ ጎማ አንዴ ከወጡ አዲስ ነው የሚገባው። የታይሚንግ ቺንጋ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) ደግሞ «ገና ደህና ነው» የሚባል ነገር የለውም። ከተበጠሰ ቫልቭ ሊያጣምም ይችላል፣ የጠገንከው ቴስታታ እንደገና ይወርዳል። ሰው በዚህ ላይ ሲቆጥብ ማየት ያናድደኛል።

«ወፍራም ዘይት ጨምርበትና ዝም በል»

ጭሱን ለጥቂት ጊዜ ይደብቀው ይሆናል፣ ያለቀውን ብረት ግን አይመልስም። በደሴ የጠዋት ብርድ ደግሞ ወፍራሙ ዘይት እስከ ላይ እስኪወጣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚገፋው ዘንግ) በደረቁ ይፋተጋል።

«የቶዮታ ሞተር መግጠም ይቀላል»

ወሬው ይቀላል። ማሰሪያው፣ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩ፣ ሽቦው ሁሉ ይለወጣል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም ስለማይገጥም መንገድ ትራንስፖርት መመላለስ አለ። ሁሉንም ጨርሰህ የምታገኘው ፊያት የለበሰ ቶዮታ ነው።

የእኔዋ ባለፈው ሳምንት ሐረጎን ወርዳ ታች ስረግጣት መስታወቱ ላይ የታየኝ አቧራ ብቻ ነበር። ጣሪያዋ አሁንም ያፈሳል፤ እሱን ልብስ ሰፊ ዘንድ እወስዳለሁ።