አንቲኦክሲዳንት ኢንዛይም ምንድን ነው?

ፒያሳ የሚኖሩት አክስቴ ፓርኪንሰን የሚባል የአንጎል በሽታ አለባቸው። ሰሞኑን «ለአንጎል የሚሆን አንቲኦክሲዳንት» የሚል ብልቃጥ አሳዩኝና «ይሄ ነገር ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

ያን ቀን ሽንኩርት ሲከትፉ ጣታቸውን ቆርጠው ነበር። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጠብ ሳደርግበት ቁስሉ ነጭ አረፋ ደፈቀ። «እሱ ነው» አልኳቸው። ደማችን ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን አለ። ፐሮክሳይዱን ሰብሮ ውሃና ኦክስጅን ያደርገዋል። አረፋው ኦክስጅኑ ነው።

ሴሎቻችን ኦክስጅን ተጠቅመው ጉልበት ሲያመነጩ፣ ከከሰል እንደሚፈናጠር ፍንጣሪ ጎጂ ሞለኪውሎች ይወጣሉ። እነሱን የሚያመክኑት አንቲኦክሲዳንት ኢንዛይሞች ናቸው። ሥራቸው ቅብብል ነው። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ፣ ባጭሩ ኤስኦዲ፣ አንዱን ጎጂ ሞለኪውል ወደ ፐሮክሳይድ ይለውጣል። ፐሮክሳይዱን ደግሞ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐሮክሲዴዝ ተቀብለው ውሃ ያደርጉታል።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ካታሌዙ ግን ጥቂት ነው። በፓርኪንሰን የሚጎዱት ሴሎች ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ የሚያመርቱት ናቸው፤ ዶፓሚኑ ሲፈርስ ራሱ ፐሮክሳይድ ይፈጥራል።

ታዲያ ኢንዛይሙን መጨመር ነዋ? እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ጡንቻ የሚያዙ ነርቮችን የሚገድል ኤኤልኤስ የሚባል በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዳንድ ቤተሰቦች በዘር የሚተላለፈው አንዱን የኤስኦዲ ዓይነት ከሚሠራው ከኤስኦዲ1 ጂን ጉድለት ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። ኢንዛይሙ ስለደከመ ነው ተባለ። ነገር ግን ኢንዛይሙ ጨርሶ የሌላቸው አይጦች በሽታው አልያዛቸውም። ችግሩ ማነሱ ሳይሆን ቅርጹ የተበላሸው ፕሮቲን መርዝ መሆኑ ነበር። ስለዚህ በ2023 አሜሪካ የፈቀደችው ቶፈርሰን የሚባለው መድኃኒት የሚሠራው የኤስኦዲ1ን ምርት በመቀነስ ነው። አስቡት፣ ሰውነት የሚከላከልበትን ኢንዛይም መቀነስ ሕክምና ሲሆን!

የአክስቴ ብልቃጥስ? ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ሲዋጥ እንደ ሥጋው እንደ ሽሮው ይፈጫል። ሌላው አንቲኦክሲዳንት ቫይታሚን ኢ ደግሞ በ800 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት ተሞክሮ በሽታውን አላዘገየም።

ይህን ነገርኳቸው። ብልቃጡን ወደ ጎን አደረጉት። ሐኪም ያዘዘላቸውን ሌቮዶፓ የሚባል የፓርኪንሰን መድኃኒት ግን ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ውሃ አቀበልኳቸው።