ኢኮ ሎጅ ምንድን ነው?

ዛሬ ዛሬ ጫካ ውስጥ የተሠራ፣ የሣር ክዳን ያለውና ስሙ ላይ «ኢኮ» የለጠፈ ማረፊያ ሁሉ ኢኮ ሎጅ ነኝ ይላል። ማስታወቂያው ላይ አረንጓዴ ቅጠል ጣል ይደረግና ዋጋው ከፍ ይላል። ቅጠል መሳል ደግሞ ማንንም አያቅተውም።

ባጭሩ፣ ኢኮ ሎጅ ማለት ያለበትን አካባቢ ሳይጎዳ እንግዳ እንዲያሳርፍ፣ የአካባቢው ሰውም ከገቢው እንዲጠቀም ታስቦ የተሠራና እንደዚያው የሚተዳደር ማረፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የኢኮቱሪዝም ማኅበር ኢኮቱሪዝምን የሚተረጉመው በእነዚሁ በሁለቱ ነገሮች ነው። በ2015 ሦስተኛ ጨመረበት፤ እንግዳውም ሠራተኛውም የሚማሩበት ይሁን አለ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ግማሽ ነው። ጣሪያው ሙሉ ሶላር ሆኖ የመንደሩን ሰው በር ላይ የማያስደርስ ሎጅ ለእኔ ኢኮ አይደለም።

ቦታው ዝናባማ ደን ሲሆን ሥራው ይከብዳል። በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው። አየሩ ሁሌም እርጥብ ነው። ያጠባችሁት ካልሲ ለቀናት አይደርቅም፣ የቆዳ ጫማ ሳታስቡት ሻጋታ ያወጣል። ዛፎቹ ከ30 ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ ቅርንጫፋቸው ስለሚገጥም ከፀሐዩ ብርሃን መሬት የሚደርሰው ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ነው።

አፈሩም ያሳስታል። ያን ሁሉ አረንጓዴ ያየ ሰው ለም ይመስለዋል። ግን በብዙ ዝናባማ ደን ምግቡ ያለው መሬቱ ውስጥ አይደለም፤ ዛፉ ላይና በወደቀው ቅጠል ውስጥ ነው። ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሥሩም ወዲያው መልሶ ይወስደዋል። ዛፉ ተቆርጦ መሬቱ ከተራቆተ ዝናቡ ያችኑ ስስ አፈር ጠራርጓት ይሄዳል። ደኑ በቀላሉ አይመለስም።

የደህና ሎጅ አሠራር የሚነሳው ከዚህ ነው። ቤቶቹ በቋሚ ላይ ከመሬት ከፍ ብለው ይሠራሉ፤ ጎርፉም ትንንሽ እንስሳቱም ከሥር ያልፋሉ። ከቤት ቤት የሚያገናኘው መንገድ ጣውላ ነው፤ የእንግዳ እግር በየቀኑ ጭቃውን እየደቀደቀ ሥሩን እንዳያደርቀው። ዛፍ ከመመንጠር ይልቅ ድሮ የተመነጠረ ገላጣ ተፈልጎ እዚያ ላይ ይገነባል። ብዙዎቹ እንዲያውም ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ አይደሉም፤ ከወሰኑ ውጭ፣ በግል ወይም በማኅበረሰብ መሬት ላይ ናቸው። እንግዶቹ ወደ ፓርኩ በጀልባ ወይም በእግር ገብተው ይወጣሉ።

ስለ ክዳኑ አንድ ነገር ልበል። የዘንባባ ቅጠል ክዳን ፎቶ ላይ ያምራል። ግን በየጥቂት ዓመቱ ይበሰብስና ይቀየራል፤ ቅጠሉ የሚቆረጠውም ከዚያው ደን ነው። ሎጁ ዘንባባ ሳይተክል በየጊዜው የሚያስቆርጥ ከሆነ ቆርቆሮ የከደነው ጎረቤቱ ይሻላል። ይሄን ስናገር ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎች አሉ። ምን ይደረግ።

መብራት ሌላው ጣጣ ነው። ሶላር ፀሐይ ይፈልጋል፣ ደኑ ጥላ ነው። ስለዚህ ፓኔሉ ወንዝ ዳር ወይም ገላጣ ላይ ይተከላል፤ ሲዳምን ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ኤሲ፣ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ አትጠብቁ። ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ብዙ ጊዜ በጋራው አዳራሽ፣ በተወሰነ ሰዓት ነው። ቁልቁል የሚወርድ ጅረት ያለው ሎጅ ዕድለኛ ነው፤ ትንሽ የውሃ ተርባይን ሌት ተቀን ይሠራለታል። ለምግብ ማቀዝቀዣው ጄኔሬተር የሚያስነሱም አሉ። በግልጽ እስከተናገሩ ድረስ እኔ አልከፋም።

ማንም የማይጠይቀው ግን ዋናው ነገር ፍሳሽ ነው። ቦታው እርጥብ ነው፣ ወንዙም ቅርብ ነው፤ በሽንት ቤቱ የሄደው ሁሉ የት ይገባል? በደንብ በተሠራ ሎጅ መጀመሪያ የታሸገ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ይገባል። ድፍድፉ እዚያ ይዘቅጣል። ፈሳሹ ጠጠር ወደተሞላና ደንገል የመሰለ ተክል ወደበቀለበት ገንዳ ያልፋል። ጠጠሩና ሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉታል። የማዕድ ቤቱ ውሃ ደግሞ ቀድሞ ዘይቱ ተንሳፎ በሚቀርበት ሣጥን በኩል ያልፋል፤ ዘይት ከገባ ጠጠሩ ይደፈናል። ይህን ሁሉ ልፋት አንድ እንግዳ ሊያበላሸው ይችላል። በረኪና ወይም ጠንካራ ኬሚካል ከደፋበት ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ። «ሻምፑ ይዛችሁ አትምጡ፣ የእኛን ሳሙና ተጠቀሙ» የሚሏችሁ ሳሙና ሊሸጡላችሁ ፈልገው አይደለም። ፕላስቲኩን ደግሞ ያመጣው ጀልባ ይመልሰዋል።

መቆየቱስ ምን ይመስላል? የክፍሉ መስኮት በብዙ ቦታ መስታወት የለውም። ወንፊት ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ክፍል ጭራሽ በአንድ በኩል ክፍት ነው። አልጋው ላይ አጎበር አለ። ሻወሩ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ነው። ሲመሽ ድፍን ጨለማ ነው፤ ውጭ መብራት የማይበራው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። መብራት ነፍሳቱን ይሰበስባል፣ የሌሊት እንስሳትን ያሸሻል። ጨለማው ግን ዝም አያሰኝም። እንቁራሪቱና ፌንጣው ሌሊቱን ሙሉ ይንጫጫል። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ጎህ ሳይቀድ ሃውለር የሚባሉት ጦጣዎች ሲያጓሩ ድምፃቸው ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል። ቀድሞ ያልተነገረው ሰው አውሬ መጣብኝ ብሎ ከአልጋው ቢዘል አይፈረድበትም።

እንስሳ ለማየት ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። እንደ ሳቫና ገላጣ አይደለም፤ አብዛኛው ሕይወት ያለው ከራስ በላይ ነው። በሦስት ቀን ቆይታ ጃጓር አያለሁ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቦታውን የሚያውቅ አስጎብኚ ግን አንድ ቅጠል ገልብጦ ግማሽ ሰዓት ያስቆማችኋል። እንቁራሪት ካሳያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እንቁራሪት በቆዳዋም ትተነፍሳለች፣ ውሃም የምትወስደው በቆዳዋ ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለው የትንኝ መከላከያ ቅባት ቀጥታ ሰውነቷ ውስጥ ይገባል።

የፓርክ ሕግ አንዳንዴ የተጋነነ ይመስላል። በኡጋንዳው የብዊንዲ ብሔራዊ ፓርክ አንድን የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚጎበኘው ቡድን ከ8 ሰው አይበልጥም። ጎሪላዎቹ ከተገኙ በኋላ የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ነው። ጉንፋን የያዘው አይገባም፣ ምንም ያህል ርቀት ተጉዞ ይምጣ። ለእኛ በሁለት ቀን የሚለቅ ጉንፋን ጎሪላን ሊገድል ይችላል። ይህን ሕግ «ለደንበኛ ሲባል» የሚያላላ ማረፊያ ካጋጠማችሁ ስሙን ተዉት፣ ሥራውን እዩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ደኑ ቆሞ ገቢ የማያስገኝ ከሆነ፣ ልጅ ማስተማር ያለበት ሰው መጋዙን ማንሳቱ አይቀርም። በፔሩ አማዞን ኢንፊየርኖ የሚባል ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከአንድ የጉዞ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ፖሳዳ አማዞናስ የተባለው ሎጅ በማኅበረሰቡ መሬት ላይ ተሠርቶ በ1998 ተከፈተ። ከትርፉ 60 በመቶው ለማኅበረሰቡ፣ 40 በመቶው ለድርጅቱ እንዲሆን ተስማሙ። በኢኳዶር ያሱኒ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ናፖ ዋይልድላይፍ ሴንተር ደግሞ ሙሉ በሙሉ የአኛንጉ ኪችዋ ማኅበረሰብ ነው። የሞተር ጀልባው ናፖ ወንዝ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ባለው ጅረት ሞተር ክልክል ስለሆነ እንግዳው በመቅዘፊያ ታንኳ እየተቀዘፈ ሎጁ ያለበት ሐይቅ ዳር ይደርሳል። ሰዎቹ እዚያ አካባቢ ማደን ትተዋል። አስጎብኚውም፣ ቀዛፊውም፣ ምግብ አብሳዩም በአብዛኛው የዚያው ሰፈር ሰው ነው። «ለአካባቢው ማኅበረሰብ እናስባለን» ከሚል ወረቀት ይሄኛው ይበልጥብኛል።

የይስሙላዎቹስ? ነገሩ የቆየ ነው። ጄይ ዌስተርቬልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1983 ፊጂ ውስጥ አንድ ሪዞርት ገብቶ ካርድ ያያል፤ የባሕሩን ሕይወት ለመጠበቅ ፎጣችሁን ደግማችሁ ተጠቀሙ ይላል። ሪዞርቱ ግን በዚያው ሰዓት ግንባታውን እያስፋፋ ነበር። በ1986 ይህን አንስቶ ጻፈ። ካርዱ እስከዛሬ በየሆቴሉ አለ። ፎጣን ደጋግሞ መጠቀም ጥሩ ነው፤ የእጥበት ወጪ ይቀንሳል። እዚያ ላይ ብቻ ከቆመ ግን የሚያተርፈው ባለቤቱ ነው።

ዓለም አቀፉ የዘላቂ ቱሪዝም ምክር ቤት መስፈርት ያወጣል። ራሱ ለሎጅ የምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ ሰጪ ድርጅቶቹን ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ሎጅ ምልክት ሲያሳይ ማን እንደሰጠው ማየት ነው። ምልክት የሌለው ሁሉ ግን አጭበርባሪ አይደለም፤ ለትንሽ የማኅበረሰብ ሎጅ የምዝገባና የምርመራው ወጪ ራሱ ይከብዳል።

ሌላም አለ፣ ማንም ማስታወቂያው ላይ አይጽፈውም። ረጅም ርቀት ደርሶ መልስ በረራ ለአንድ ተሳፋሪ ከአንድ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊለቅ ይችላል። የሎጁ ሶላር ይህን አይሸፍንም። ለሁለት ሌሊት ውቅያኖስ ከመሻገር፣ ከሄዱ አይቀር ሰንበት ብሎ መቆየት ወይም በቅርብ ያለ ደን መፈለግ ይሻላል።

ከመያዛችሁ በፊት በኢሜይል ጥቂት ነገር ጠይቁ። የሎጁ ባለቤት ማነው? ከሠራተኞቹ ስንቱ የአካባቢው ሰው ነው፣ ከኃላፊዎቹስ? ፍሳሹ የት ይገባል? ጄኔሬተሩ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? በቁጥርና በዝርዝር፣ «ይሄኛው ገና አልተሟላልንም» እያለ የሚመልስላችሁ ካለ እሱ ጋ ያዙ። «እኛ ተፈጥሮን እንወዳለን» ብሎ ፎቶ የሚልክላችሁን እለፉት።