የሲቪል የበላይነት ምንድን ነው?

የሲቪል የበላይነት ማለት መሣሪያ የታጠቀው ሠራዊት ሕዝብ ለመረጣቸውና መሣሪያ ላልያዙ ኃላፊዎች የሚታዘዝበት ሥርዓት ነው። ጦርነት ይታወጅ ወይስ አይታወጅ፣ ለሠራዊቱ ምን ያህል በጀት ይመደብ የሚለው የተመራጮች ውሳኔ ሲሆን፣ ውጊያው እንዴት ይመራ የሚለው ግን የአዛዡ ሙያ ነው።

ከአዲስ አበባ በቡራዩ በኩል ወጥቶ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ሆለታ ይደርሳል። በዚያ በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ለዘውዱ ታማኝ የሆኑ መኮንኖችን እንዲያፈራ ታስቦ ነበር። ይሁንና ከዚያው የወጡት ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሰኔ 1966 ዓ.ም. በአራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ በተቋቋመው ደርግ ውስጥ ገብተው፣ ደርጉ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ። የሠራዊቱ መሐላ ለሰው እንጂ ለሕግ አልነበረምና፣ ሰውየው ሲዳከም ጦሩን የሚይዝ ልጓም አልተገኘም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። እንደ እኔ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ የሆኑት ጠቅላይ ሚኒስትር ብዙውን ጊዜ የፓርቲ መሪም ስለሆኑ፣ ለሲቪል መታዘዝ ብቻውን ገለልተኛነትን አያረጋግጥም። አንቀጽ 55 ጦርነት የማወጅን፣ የሠራዊቱን አደረጃጀት የመወሰንን፣ በአሠራሩም የዜጎች ሰብአዊ መብት ሲነካ የማጣራትን ሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕዝቡ ግን ይህን ሥርዓት በቅርብ የሚያየው ኬላ ላይ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ ወደ ከተማ የሚገባ ታክሲ ሲቆም፣ ተሳፋሪው ወርዶ መታወቂያውን ያወጣል፤ ፈታሹ ፖሊስ ይሁን ወታደር ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ሆኖም ልዩነት አለው፤ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሠራዊቱ የአገርን ሉዓላዊነት ከመጠበቅ ሌላ የሚያከናውነው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚሰጠውን ተግባር ነው። አዋጁም ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል፤ ከጸደቀም ሊቆይ የሚችለው እስከ ስድስት ወር ሲሆን፣ ለማራዘም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ከኬላው የተወሰደ ሰው ቤተሰብም የሚጠይቀው አካል አለው፦ በአንቀጽ 93 መሠረት ምክር ቤቱ የሚያቋቁመው መርማሪ ቦርድ በአዋጁ የታሠሩትን ሰዎች ስም፣ ከታሠሩበት ምክንያት ጋር፣ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ ተጥሎበታል።