የቴክሳስ ሎንግሆርንስ የ2005 የውድድር ዘመን

ሎንግሆርንስ በሚል ስም የሚታወቀው በኦስቲን ከተማ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን በ2005 የውድድር ዘመን 13 ጊዜ ተጫውቶ 13ቱንም አሸንፏል፤ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮንም ሆኗል። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 28 ቀን 1997 እስከ ታኅሣሥ 26 ቀን 1998 ዓ.ም. ያለው ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተጀምሮ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው አለቀ።

ፉትቦል ሲባል እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሷ ሞላላ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜም በእጅ ተይዛ ነው የምትሮጠው። ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ (አንድ ያርድ 91 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው) ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካቃተው ያስረክባል። ኳሷን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ያለፈ ታችዳውን አገባ ይባላል፤ 6 ነጥብ ያስገኛል። ከዚያ በእግር መትቶ 1 ነጥብ፣ አለዚያም አንዴ ደግሞ ተጫውቶ 2 ነጥብ ለመጨመር ይሞከራል። ኳርተርባክ የሚባለው እያንዳንዱን ጥቃት የሚያስጀምረው ተጫዋች ነው። በዚያ ዓመት ይህ ቦታ የሂውስተኑ ልጅ የቪንስ ያንግ ነበር።

አሠልጣኙ ማክ ብራውን ቡድኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ ይመሩ ነበር። ጎበዝ ልጆችን ከየትምህርት ቤቱ በመሰብሰብ የሚያህላቸው አልነበረም፤ ጎረቤታቸውን ኦክላሆማን ማሸነፍ ግን አቅቷቸው ከ2000 እስከ 2004 አምስት ጊዜ ተከታትለው ተረቱ። በ2004 ቡድኑ የተሸነፈው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም በኦክላሆማ 12 ለ 0። ያ ዓመት የተዘጋው ሚሺጋንን 38 ለ 37 በመርታት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሻምፒዮን ከተባለ 35 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የ1970ውም ክብር ለብቻው የተሰጠው አልነበረም።

ዘመኑ ሉዊዚያና ላፋዬትን 60 ለ 3 በማሸነፍ ተጀመረ። እውነተኛው ፈተና የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ምሽት ከ105 ሺህ በላይ ሕዝብ በሞላበት የኮሎምበስ ስታዲየም ሎንግሆርንስ ከኦሃዮ ስቴት ጋር ገጠሙ። ደረጃቸው 2ኛ፣ የባለሜዳው 4ኛ ነበር። እዚያ መሽቶ ሲጫወቱ አዲስ አበባ ላይ የዕንቁጣጣሽ ንጋት እየተቃረበ ነበር። ቴክሳስ 22 ለ 16 እየተመራ ሳለ፣ 2 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ ሲቀር ቪንስ ኳሷን ወደ ግራ ጥግ ወረወራት፤ ሊማስ ስዊድ ከ24 ያርድ ተቀብሎ አገባ። ውጤቱ 25 ለ 22 ሆኖ ተጠናቀቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በአመዛኙ የአንድ ወገን ጨዋታ ናቸው። ራይስና ሚዙሪ እያንዳንዳቸው 51 ነጥብ ተቆጠረባቸው። በመስከረም 28 ኦክላሆማ 45 ለ 12 ተረታ። ይህ ግጥሚያ በየዓመቱ ዳላስ ውስጥ በቴክሳስ የንግድ ትርኢት መካከል የሚደረግ ሲሆን፣ ተመልካቹ በሜዳው አጋማሽ ተከፍሎ ግማሹ ብርቱካንማ፣ ግማሹ ቀይ ለብሶ ይቀመጣል። ትንሽ ያስደነገጠው ኦክላሆማ ስቴት ብቻ ነው፤ 28 ለ 9 መርቶ ነበር። ቪንስ ከዕረፍት መልስ ወዲያው 80 ያርድ ሮጦ አገባና ጨዋታው 47 ለ 28 አለቀ። በዚያ ቀን በሩጫ ብቻ 267 ያርድ ሄዷል። ቤይለር 62 ለ 0፣ ካንሳስ 66 ለ 14። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በሜዳው ታግሎ 40 ለ 29 ተሸነፈ። በኅዳር 24 ቴክሳስ ያኔ በነበረበት በቢግ 12 ሊግ ፍጻሜ ኮሎራዶ 70 ለ 3 ሲሸነፍ 70ውም ነጥብ ሦስተኛው ሩብ ሳያልቅ የገባ ነው።

ታኅሣሥ 26 ቀን በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዲና ከተማ ሮዝ ቦውል ስታዲየም የጠበቃቸው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ 34 ጨዋታ ተከታትሎ ያሸነፈና የዓመቱን የኮከብነት ሽልማት ሃይስማንን የወሰደው ሬጂ ቡሽ የሚጫወትበት ቡድን። ቪንስ በዚያ ምርጫ 2ኛ ወጥቶ ነበር።

በሁለተኛው ሩብ ቪንስ እየወደቀ ኳሷን ለሰልቪን ያንግ አቀብሎ ታችዳውን ተቆጠረ። ጉልበቱ አስቀድሞ መሬት ነክቷል የሚሉ አሉ፤ ዳኛ ግን አላፏጨም፣ በቪዲዮም አልተመረመረም። ዕረፍት ላይ ቴክሳስ 16 ለ 10 ይመራ ነበር።

6 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ሲቀር ቴክሳስ 38 ለ 26 ተመራ። ቪንስ በ17 ያርድ ሩጫ ልዩነቱን ወደ 5 አጠበበው። ቀጥሎ የመጣው እስካሁን የሚያከራክር ውሳኔ ነው፦ የደቡብ ካሊፎርኒያ አሠልጣኝ ፒት ካሮል በአራተኛው ሙከራ፣ 2 ያርድ ሲቀራቸው፣ ኳሷን በእግር አርቆ ከማስመታት ይልቅ ሌንዴል ኋይት ይዟት እንዲገባ አዘዙ። ቡሽ ያኔ ከሜዳ ውጭ ቆሞ ነበር። አንዳንዶች ድፍረቱን ያወግዛሉ፤ ሌሎች ቪንስን በዚያ ሰዓት ኳስ መስጠት ይበልጥ አደገኛ ነበር ይላሉ፤ ይህም የሚያስኬድ ነው። የሎንግሆርንስ ተከላካዮች ግን ኋይትን መስመሩ ላይ አስቀሩት። 2 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ ቀርቷል።

ቴክሳስ እየገፋ የመጨረሻው መስመር 8 ያርድ ሲቀረው ደረሰ። አራተኛ ሙከራ፤ ኳሷን ላለማስረከብ 5 ያርድ ያስፈልጋል። ቪንስ ኳሷን ተቀብሎ ወደ ተቀባዮቹ አማተረ፤ ክፍት ሰው አጣ። ወደ ቀኝ ዞረ፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው በጥግ ገባ። ሰዓቱ ላይ 19 ሴኮንድ ነበር። ተጨማሪዋን 2 ነጥብም ራሱ ሮጦ ወሰደ፤ 41 ለ 38። በዚያ ምሽት ከ40 ውርወራ 30ው ተይዞለት 267 ያርድ፣ በእግሩም 200 ያርድ አስመዝግቧል።

በዘመኑ ሎንግሆርንስ 652 ነጥብ አግብተው 213 ተቆጥሮባቸዋል፤ በአማካይ በጨዋታ ከ50 በላይ ማለት ነው። ቪንስ 3,036 ያርድ ወርውሮ 1,050 ያርድ ሮጧል፤ በአንድ ዘመን ከ3,000 በላይ ወርውሮ ከ1,000 በላይ የሮጠ የመጀመሪያው የከፍተኛው ምድብ ተጫዋች ነው። ተከላካዩ ማይክል ሃፍ ለዓመቱ ምርጥ የኋላ ተከላካይ የሚሰጠውን የቶርፕ ሽልማት አግኝቷል።

የደቡብ ካሊፎርኒያ የዚያ ዘመን ውጤቶች ቡሽ ያልተፈቀደ ጥቅም አግኝቷል በሚል በ2010 ከመዝገብ ተሰርዘዋል። ሃይስማኑንም መልሶ ነበር፤ በ2024 ተመለሰለት። የቴክሳስ ድል ግን እንደተመዘገበ ነው። በ2006 ፕሮፌሽናል ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ ቪንስን ቴኔሲ ታይታንስ በ3ኛነት ወሰደው፤ 10 ቁጥር ማሊያው በ2008 በክብር ተሰቀለ።

በ2005 ሳይሰለፍ አግዳሚ ላይ የከረመ ኮልት ማኮይ የሚባል አዲስ ልጅ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቡድኑን በዚያው በፓሳዲና ለሻምፒዮናው ጨዋታ ያበቃው እርሱ ነው። ዕለቱ የ2002 ዓ.ም. ገና ነበር። ማኮይ ገና በጅምሩ ትከሻውን ተጎድቶ ወጣ፤ አላባማ 37 ለ 21 አሸነፈ።