«ኮር አይ 7 ነው፣ ምንም አያቅተውም» እና ሌሎች ለሬንደር ላፕቶፕ ስንገዛ የሚያሳስቱን ወሬዎች

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ ከአባቱ ጋር ጎንደር ፒያሳ ወዳለችው ትንሿ ቢሯችን መጣ። አባትየው የመተማ ገበሬ ናቸው። ላፕቶፑን የገዙለት ሰሊጥ ሸጠው ነው። ልጁ ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ሬንደር ስጀምር ስታክ ያደርግብኛል፣ እስኪ እይልኝ» አለኝ። ሬንደር ማለት ኮምፒውተሩ የሳልከውን ሕንፃ አስልቶ ፎቶ የመሰለ ምስል የሚያወጣበት ሥራ ነው። አባቱ ቀበል አድርገው «ወንድም ዓለም፣ እኔ ከሁሉ የሚበልጠውን ስጡኝ ብዬ ነው የገዛሁት» አሉ።

ኪቦርዱ ሥር «ኮር አይ 7» የሚል ስቲከር ተለጥፏል። ስቲከሩ አልዋሸም። ከፍቼ ሳየው ግን 7500ዩ ነው፤ ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት የስሌት ሠራተኛ ብቻ ያለው፣ ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት የሚሆን ፕሮሰሰር። ምስል የሚያሰላ፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድም የለውም። አባትየው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። እዚህ ጎንደር ዲዛይን የሚሠራ ሰው ላፕቶፕ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ በጓደኛ ወሬና በሻጭ ቃል ነው፣ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ኮር አይ 7 ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ»

አትጨፍን። አይ 7 የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርህም። ማየት ያለብህ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርና መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል ነው። የልጁ 7500ዩ ሰባተኛ ጀነሬሽን ነው፤ ሁለት ኮር። ስሙ ዝቅ ያለው ኮር አይ 5 12450ኤች ደግሞ ስምንት ኮር አለው። አይ 5ቱ አይ 7ቱን ጥሎት ይሄዳል፣ ያውም በብዙ።

ፊደሏስ? ዩ ማለት ባትሪ እንዲቆጥብ የተሠራ ነው። ኤች ወይም ኤችኤክስ ከሆነ ለከባድ ሥራ ነው። አዲስ ጀነሬሽን መሆኑ ብቻ እንዳያታልልህ፤ አይ 7 1255ዩ 12ኛ ጀነሬሽን ነው፣ አሥር ኮር አለው ተብሎ ይሸጣል፣ ከአሥሩ ግን ጠንካሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ስምንቱ ቀለል ላለ ሥራ የተመደቡ ትንንሽ ኮሮች ናቸው። በዚያ ላይ 7500ዩን የመሰለ የድሮ ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 አብቅቷል።

ሌላም ነገር አለ። ሁሉም ሶፍትዌር ፕሮሰሰሩን በአንድ ዓይነት አይጠቀምም። አውቶካድና ሬቪት ላይ ስትስል ሥራው በአብዛኛው የሚያርፈው በአንድ ኮር ላይ ስለሆነ፣ የሚጠቅምህ የኮር ብዛት ሳይሆን የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው። ኮሮና ሬንደር የሚሠራው በፕሮሰሰር ነው፤ ኮር በበዛ ቁጥር ይደሰታል። ቪሬይ በሁለቱም ይሠራል። ሉሚየን፣ ኤንስኬፕ፣ ዲ5 እና ትዊንሞሽን የሚባሉት የሬንደር ሶፍትዌሮች ግን ሸክማቸውን የሚጥሉት ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመግባትህ በፊት «በምን ነው የምሠራው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። በኮሮና የሚሠራና በዲ5 የሚሠራ ሰው አንድ ላፕቶፕ መግዛት የለባቸውም።

«8 ጂቢ ግራፊክስ አለው»

ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሻጩም ገዢውም ከልባቸው አምነውበት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ላፕቶፑን ይከፍትልሃል፣ ግራፊክስ የሚለው ቦታ ላይ 8 ጂቢ የሚል ቁጥር ያሳይሃል። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ግን የግራፊክስ ካርዱ አይደለም። ዊንዶውስ ካለህ ራም ግማሹን ያህል «ካስፈለገ ለግራፊክስ አበድራለሁ» ብሎ ይቆጥረዋል። ራምህ 16 ከሆነ 8 ይላል። የራስህን ራም ነው መልሶ የሚያሳይህ።

እንዲህ አድርገህ አጣራ። ታስክ ማናጀርን ክፈት። ፐርፎርማንስ የሚለውን ተጫን። ከታች በስተግራ ጂፒዩ (ግራፊክሱ ማለት ነው) አለ። «ዴዲኬትድ» የሚለው የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው፣ «ሼርድ» የሚለው ብድሩ ነው። ሼርዱን እርሳው። ጂፒዩ 0 ብቻ ኖሮ ስሙ ኢንቴል ዩኤችዲ ወይም አይሪስ ከሆነ፣ ለሬንደር የሚሆን ካርድ የለም ማለት ነው። ዴዲኬትድ የሚለው ጭራሽ ከሌለ ወይም በሜጋባይት የሚቆጠር ከሆነም ያው ነው።

ሜሞሪው ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? እስኪ በቁጥር እንየው። አንድ 4ኬ ቴክስቸር፣ ማለትም ግድግዳውን ወይም ወለሉን የምታለብስበት፣ በወርድም በቁመትም 4096 ፒክስል የሆነ ምስል፣ ሳይታመቅ ሜሞሪ ላይ ሲቀመጥ 64 ሜጋባይት ይይዛል። ፋይሉ ሃርድ ዲስክህ ላይ 5 ሜጋ ቢሆንም ሬንደር ላይ ሲፈታ እንደዚያ ነው። አንድ የድንጋይ ግድግዳ ማቴሪያል ደግሞ ቀለሙ፣ ጎርበጥባጣነቱ፣ ነጸብራቁ፣ ከፍታው እያልክ በቀላሉ አራት ምስል ይፈልጋል። 256 ሜጋ ሆነ። እንዲህ ዓይነት 16 ማቴሪያል ስታደርግ 4 ጂቢ ሞላ። ሶፍትዌሮቹ ምስሎቹን እያመቁ ይህን የሚቀንሱበት ዘዴ አላቸው፣ ግን ገና ዛፍ አልተከልክም፣ ሰው አላቆምክም፣ መኪና አላስገባህም። እኛ ከተማ ደግሞ ደንበኛው ሁሉ «እንደ ፋሲል ግንብ ድንጋይ ድንጋይ ይምሰልልኝ» ነው የሚለው። የግንቡን ዓይነት ድንጋይ፣ ኖራው በየመሃሉ እየታየ፣ በቅርብ ለማሳየት ትልቅ ቴክስቸር ግድ ነው። ሜሞሪው ሲሞላ ወይ ሬንደሩ ይዘጋል፣ ወይ እንደ ቀንድ አውጣ ይጎተታል።

የኔ ምክር፦ ለተማሪ 6 ጂቢ መነሻ ነው፤ ለእንጀራ ለሚሠራ 8 ጂቢ። 4 ጂቢ ያላቸውን አርቲኤክስ 3050 የሚባሉ የኤንቪዲያ ካርዶች ለኢንቲሪየር አንድ ክፍል ብቻ ካልሆነ አልመክርም።

«አርቲኤክስ 4060 የትም ቦታ አርቲኤክስ 4060 ነው»

አይደለም። ላፕቶፕ ላይ ያለ ካርድ የሚፈቀድለት ኃይል እንደ አምራቹ ይለያያል። 4060 በላፕቶፕ ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ድረስ ተደርጎ ይሠራል። ሳሳ ያለ ቆንጆ ላፕቶፕ ውስጥ ያለውና ወፍራም ጌሚንግ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ስማቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ግን አይገናኝም። ቀላሉ ማጣሪያ ቻርጀሩ ነው። አንሥተህ ጀርባውን አንብብ። 230 ዋት ከሆነ ካርዱ በደንብ ይበላል ማለት ነው። 100 ዋት ገደማ ከሆነ ፕሮሰሰሩና ካርዱ አንድ ሳህን ላይ እየተሻሙ ነው።

ከዴስክቶፑ ጋር ማወዳደርም ያሳስታል። የዴስክቶፑ 3060 በብዛት 12 ጂቢ ነው፣ የላፕቶፑ 6። ዩቲዩብ ላይ ያየኸው ፍጥነት የዴስክቶፑ ሊሆን ይችላል።

«ራም ጨምርበት፣ ይፈጥናል»

ራም እስኪበቃ ድረስ ነው የሚጠቅመው። ከ8 ወደ 16 ስትሄድ ልዩነቱን ታየዋለህ፣ ትልቅ ፕሮጀክት ካለህ 32 ያስፈልግሃል። ከዚያ በኋላ ግን ራም መደርደር የደከመ ካርድን አያጠነክርም። ኤስኤስዲም እንደዚሁ፤ ፋይል ቶሎ ይከፍትልሃል፣ የሬንደር ሰዓትህን ግን አያሳጥረውም። አንድ 16 ከመሰካት ሁለት 8 መሰካት እንደሚሻል ግን ያዝልኝ፣ በተለይ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ።

«ወርክስቴሽን ነው፣ ኳድሮ አለው»

ለከባድ የቢሮ ሥራ የተሠሩት ያገለገሉ የኤችፒ ዜድቡኮችና የዴል ፕሪሲዥኖች ጠንካራ አካል አላቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን ካርዱ ኳድሮ የሚል ስም ስላለው ብቻ ለሬንደር የበረታ ነው ማለት አይደለም። ኳድሮ ኤም1200ን ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጡ ላፕቶፖች ጋር የመጣ 4 ጂቢ ካርድ ነው። የጨረር ስሌት፣ ማለትም ብርሃን እንዴት እንደሚነጥር የሚያሰሉት ልዩ ኮሮች የመጡት ከእሱ በኋላ፣ ከ2018 ጀምሮ፣ ከአርቲኤክስ ጋር ነው። ኳድሮን ከሌላው የሚለየው በዋናነት ለምህንድስና ሶፍትዌሮች የተመሰከረለት ድራይቨሩ ነው። ሶሊድወርክስ የምትሠራ ከሆነ ይጠቅምሃል። ለዲ5 ከሆነ በዚያው ብር ያገለገለ አርቲኤክስ ፈልግ።

«ዲዛይነር ከሆንክ ማክ ነው»

ለግራፊክ ዲዛይንና ለቪዲዮ፣ አዎ፣ ግሩም ነው። ብሌንደርና አርኪካድም ይሠሩበታል። ሬቪትና ስሪዲኤስ ማክስ ግን የማክ ስሪት የላቸውም፣ አዲሶቹ ኤም ቺፕ ያላቸው ማኮች ላይ ደግሞ እንደ ድሮው ዊንዶውስን ለብቻው መጫን አይቻልም። የአርክቴክቸር ተማሪ ሆነህ መምህርህ በሬቪት አስረክብ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?

«መብራት ቢጠፋ ባትሪ አለኝ»

ለጽሑፍ አለህ። ለሬንደር የለህም። የላፕቶፕ ባትሪ በአውሮፕላን ለመጓዝ በሚፈቀደው ገደብ ምክንያት ከ100 ዋት ሰዓት አያልፍም። 150 ዋት የሚበላ ሬንደር 40 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ማሽኑ ቻርጀሩ ሲነቀል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የአንድ ሰዓቱ ሥራ ሦስት ሰዓት ቢሆንብህ አትደነቅ።

አኒሜሽን የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ይህን ስማኝ፦ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል ሬንደር አታድርግ። በተናጠል ምስል፣ ፍሬም በፍሬም አውጣው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ቢሄድ የወጡት ፍሬሞች አሉህ፣ ጠዋት ከቆመበት ትቀጥላለህ። እኔ ይህን የተማርኩት የአንድ እንግዳ ማረፊያ ፕሮጀክት የሁለት ሌሊት ሥራ ጠፍቶብኝ ነው።

«መሞቁ ያለ ነው»

መሞቁ ያለ ነው፣ ግን እኛ ጋ ይብሳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማችን ብርድ የተወሰነውን ያካክሳል፣ አቧራው ግን መልሶ ይወስደዋል። ባለፈው በጋ የአንድ ጓደኛዬን ላፕቶፕ ጀርባ ፈታሁት። ፋኑና የመዳብ ክንፎቹ መሃል እንደ ጋቢ ፈትል የተደረበ ግራጫ አቧራ ተጠቅልሎ ነበር። በጣቴ ስስበው አንድ ላይ እንደ ጨርቅ ተነሣ። ጠርገን፣ ቴርማል ፔስቱን ቀይረን ስንሰበስበው ያ ሁሉ ጩኸት ጠፋ። በዓመት አንዴ፣ መንገድ ዳር ከሆንክ ሁለቴ አስጠርገው። አልጋና ፍራሽ ላይ አስቀምጠህ ሬንደር አታድርግ።

«ስክሪን ምን ያደርጋል?»

ለህትመት የምትሠራ ከሆነ ሁሉን ያደርጋል። ኤንቲኤስሲና ኤስአርጂቢ ስክሪኑ ምን ያህል ቀለም ማሳየት እንደሚችል የሚለካባቸው ናቸው። መግለጫው ላይ 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ የሚል ካየህ ቀለሙ የደበዘዘ ነው፤ 100 በመቶ ኤስአርጂቢ የሚለውን ፈልግ። አንድ ጊዜ ለጥምቀት ለአንድ የሰፈር ማኅበር ቲሸርት ዲዛይን አድርጌ፣ በኔ ስክሪን ላይ ደስ የሚል ቀይ የነበረው ታትሞ ሲመጣ ዓይን የሚወጋ ሆነ። ቀለሙ ደብዝዞ ስለታየኝ እየጨመርኩበት ሄጄ ነበር። ልጆቹ ያንኑ ለብሰው ታቦት አጅበው ወረዱ። እስከ አሁን ፎቶውን ሳይ ይከነክነኛል።

ወደ ልጁ ልመለስ። አባትየውን አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያ ምን ይሻላል?» አሉ። ላፕቶፑ ለሪፖርትና ለቀላል ስኬችአፕ ይሆነዋል። እስከዚያው ሬንደሩን ማታ ማታ በቢሯችን ዴስክቶፕ ይሠራል፣ በነገራችን ላይ ቤትህ ቁጭ ብለህ የምትሠራ ከሆንክ በዚያው ብር ዴስክቶፕ ሁልጊዜም ይበልጥሃል። ሰሊጡ ጥቅምት ላይ ሲሰበሰብ አብረን ሄደን ልንገዛ ተስማማን። ለልጁ የሰጠሁት የቤት ሥራ አንድ ነው። ከሠራቸው ሁሉ ከባዱን ፕሮጀክት፣ ቴክስቸሮቹን ጨምሮ፣ ፍላሽ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ሱቅ ስንገባ ቻርጀሩን ሰክተን፣ ያንኑ ፋይል ከፍተን፣ ግማሽ ሰዓት ሬንደር እናደርጋለን፣ ታስክ ማናጀሩን ከጎን ከፍተን። ሻጩ እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እንሄዳለን።